ጠግቦ የመጣ እንግዳ

ዓርብ ከቀትር በኋላ በአዲስ አበባ ቢሮዎች ሥራ የሚባል ነገር ይሠራል ብሎ የሚምል ሰው ካለ እሱ ዓርብ ቢሮ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ስልኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ነው የሚያወራው።

‹‹እና የት እንውጣ?››

‹‹አንተ ንገረና!››

‹‹ቢሾፍቱ?››

‹‹ባለፈው ሳምንትኮ እዚያው ነበርን።››

‹‹እሺ ሐዋሳ?››

‹‹ዓሣ አልወድም።››

‹‹ማን ዓሣ ብላ አለህ? ጥብስ የለም እንዴ?››

ይህቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። የዛሬው ክርክሬ በሙሉ እሷ ውስጥ ነው ያለው። ሰውየው ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ ሐዋሳ የሚደርሰው እቤቱ በር ላይ ያለውን ጥብስ ሊበላ ነው። ሐይቁ? ሐይቁማ ከጥብሱ ጀርባ ለፎቶ ይቆማል።

ቅዳሜና እሁድን ከከተማ ወጣ ብሎ ማሳለፍ ጥሩ ነገር ነው። ደመወዝተኛው መተንፈስ ሲጀምር፣ መኪናውም ሲበዛ፣ የመጣ ልማድ ነው፤ ይምጣ። የሚያንገበግበኝ ዕቅዱ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲወጣ አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የሚጠየቀው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ደህና ሥጋ ቤት የት ነው? ክፍሉ ሙቅ ውኃ አለው? መኪና ማቆሚያስ? አሁን አሁን ደግሞ አራተኛ ተጨምሯል፤ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው ወይ? እስከ ዛሬ ‹‹ከተማው ራሱ ምን አለው? ሰዉ ምን ይበላል? ምን ይሠራል?›› ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም። አለ ካላችሁ አስተዋውቁኝ፤ ቡና እጋብዘዋለሁ።

እናም እላለሁ፤ እኛ አዲስ አበቤዎች ወደ ሌላ ከተማ አንሄድም። አዲስ አበባን ጠቅልለን፣ መኪና ላይ ጭነን፣ ሌላ ከተማ ወስደን እናራግፋትና ሁለት ቀን ውስጧ ቁጭ ብለን፣ እሁድ ማታ መልሰን ጭነናት እንመጣለን። ይህ በራሱ ኪሳራው የኛ ነው፤ ገንዘባችን ነው፣ ሆዳችን ነው። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። የምንሄድባቸውን ከተሞችም እያበላሸናቸው ነው።

‹‹ደግሞ አሁን ወደ ሰው ሆድ ገባህ?›› የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። የሰው ሆድ ውስጥ ከመግባቴ በፊት የራሴን አሳያለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ዐቢይ ፆም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አራት ጓደኛሞች ሐረር ለመሄድ ተነሣን። አንዱ የባንክ ሰው ነው፤ አንዱ መሐንዲስ፤ አንዱ ነጋዴ፤ እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ ኖራና ጥቁር ሰሌዳ ትቼ ወሬ የምጽፍ ሰው። ዕቅዱን ያወጣው የባንኩ ሰው ነው። ለሙያው እንደሚገባ በሠንጠረዥ አሰናድቶ፣ አትሞ፣ ለየእጃችን ሰጠን። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፤ እንደ ጥፋት ማስረጃ መጽሐፍ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ። ሲደመር ለምግብና ለመጠጥ የተያዘው ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ‹‹የከተማ ጉብኝት›› የሚለው አንድ ሰዓት ተኩል። ‹‹ጅብ›› ደግሞ ለብቻው ሠላሳ ደቂቃ።

ማናችንም አልተቃወምንም። እንዲያውም መሐንዲሱ ‹‹አንድ ሰዓት ተኩል አይበዛም?›› ብሎ ነበር።

ዓርብ ማታ ድሬዳዋ አረፍን። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በመኪና ደንገጎን ወጥቶ፣ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ለመግባት ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ይቀራል። ምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ያለፈው ይኸንን አቀበት ፈርቶ ነው። እኛ በመኪና ወጣነው፤ ጨልሞ ስለነበር ምንም አላየንም። ከጀጎል ውጪ አዲሱ ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ገባን። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ ሽሮ በላን። ሐረር ሄደን ሽሮ!

ቅዳሜ ጉብኝቱ ሆነ። የተከራየነው መኪና በሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ አደረሰን። ወረድን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተመልሰን ገባን። ከዚያ በግንቡ ዙሪያ በመኪና ዞረን፣ አንድ ሁለት በር ላይ ፎቶ ተነሣን። እኔም የድሮ በሽታዬ ተነሥቶብኝ እመኪና ውስጥ ስለ ሬምቦ ሌክቸር ጀመርኩ፤ በሃያ ዓመቱ አካባቢ ግጥምን እርግፍ አድርጎ የተወው ፈረንሳዊ በ1873 ዓ.ም. ሐረር መግባቱን፣ ቡናና ቆዳ መነገዱን፣ ለምኒልክ ጠመንጃ መሸጡን ተረክሁ። ነጋዴው ጓደኛችን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ ‹‹ጠመንጃው አተረፈው?›› አለኝ። ‹‹ብዙም አላተረፈውም›› ስለው ፍላጎቱ ጠፋ። በስሙ የሚጠራው ቤት ግን መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ውስጥ ስለሆነ ‹‹ሌላ ጊዜ›› ተባለና ቀረ። ሌክቸር የሰጠሁት እኔም ወርጄ በእግሬ አልሄድኩም። ጉብኝቱ አርባ ደቂቃ ፈጀ። የባንኩ ሰው ሠንጠረዡ ላይ ሃምሳ ደቂቃ በማትረፉ ደስ አለው።

ያተረፍነውን ሃምሳ ደቂቃ ምን እንዳደረግንበት መናገር አያስፈልግም። ፆም ሊገባ ነው፤ ሁዳዴ አንድም ሥጋ ቤት ክፍት አድርጎ የማይተው ይመስል ተሽቀዳደምን።

አሁን ወደ ኃጢአቱ ልምጣ።

ሐረር ውስጥ የምታስተምር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አለች። እዚያው ተወልዳ ያደገች የጌይ ልጅ ናት። መምጣቴን ሰምታ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችልኝ። ‹‹መምህር፣ ሐረር መጥተው እኛ ቤት ሳይገቡማ አይሄዱም። እሁድ በስድስት ሰዓት እማዬ ምሳ ትጠብቃችኋለች፤ አራታችሁም ኑ›› አለችኝ። ‹‹እሺ›› አልኳት። ለጓደኞቼም ነገርኳቸው፤ ሁሉም ‹‹እሺ›› አለ። ሠንጠረዡ ላይ ግን እሁድ አምስት ተኩል ላይ ‹‹ቁርጥ›› የሚል ነበረና መሐንዲሱ መፍትሔ አቀረበ። ‹‹ትንሽ ቀመስ አድርገን እንሄዳለን፤ ሰው ቤት ሥጋ አንበላም፤ የእስላም ሥጋ ነው። ምን እንበላለን ታዲያ?››

ቀመስ አድርገን! ቁርጥ ቀመስ ተደርጎ ያውቃል? ቢላዋው ተሳለ፣ አዋዜው ቀረበ፣ ቢራው ተከፈተ። በሰባት ሰዓት ተማሪዬ ደወለች፤ ‹‹እየመጣን ነው›› አልኳት። በስምንት ሰዓት ደወለች፤ ‹‹በር ላይ ነን›› አልኳት። ውሸታችን ነው፤ በር ላይስ ነበርን፣ የሥጋ ቤቱ በር ላይ። እቤታቸው የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ለአውሮፕላኑ ወደ ድሬዳዋ መነሣት የነበረብን በዐሥር ሰዓት ነው።

በአንድ ጠባብ መንገድ ገብተን፣ በአንድ ትንሽ በር ጎንበስ ብለን ስናልፍ ግቢ፤ ከግቢው አልፈን ስንገባ ደግሞ ሰፊ፣ ከፍታ ላይ ከፍታ የተሠራ ክፍል። ቀይ መደቦች፤ ምንጣፍና መከዳ፤ ግድግዳው ላይ እስከ ጣራው ድረስ ስፌትና ሳሕን። የሐረሪ ቤት ይህ ነው። መደቦቹ፣ እነሱ ነደባ የሚሏቸው፣ አምስት ናቸው። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። እኛ እንግዶች የክብሩ ላይ ተደረግን።

እናትየው መሶብ በሚመስል የስፌት ክዳን የተሸፈነውን ገልጠው አሳዩን። ከአብሽ የሚሠራው ሑልበት አለ። ምስር የገባበት ሳምቡሳ አለ። አትክልቱ፣ ሩዙ፣ ጣፋጩ፣ ሁሉም በየሳሕኑ። ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ሆጃ እሳት ዳር ተቀምጧል። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

‹‹ብሉ፤ አትስጉ። ሥጋ የለበትም። የእናንተን ሃይማኖት አውቄ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ሳስብበት የነበረው።››

አንባቢዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኛ ‹‹ምን እንበላለን?›› ብለን ሆዳችንን ስንሞላ፣ እሳቸው ያንኑ ጥያቄ አንድ ቀን ቀድመው ጠይቀው መልሰውልናል። ከኛ መካከል ስለ እሳቸው ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ አንድ ጉርሻ ሞከርን። አልወርድ አለ። መሐንዲሱ ላብ አጥምቆት ‹‹እናቴ፣ ይቅርታ፣ ጠግበናል›› አለ።

‹‹ምን በላችሁ?››

‹‹ሥጋ።››

‹‹ሥጋማ አዲስ አበባም አለ ይሉኛል›› አሉና ሣቁ። አልተቆጡም። ‹‹ጠግባችሁ መጣችሁ በሉኛ!›› ብለው ክዳኑን መለሱት።

ለሃያ ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው ምን እንደሚባል አስተምሬአለሁ። ‹‹ጠገበ›› ማለት በላና በቃው ማለት ነው። ‹‹ጠገበ›› ማለት ደግሞ ትዕቢት ገባው፣ ሰው ናቀ ማለት ነው። እናትየው የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱንም ብለውን እንደሆነ ግን አንዱም ሐሰት አልነበረም።

አሁን ደግሞ ያላየነውን ልቁጠር፤ ኪሳራው በቁጥር ይታወቅ።

የከተማው ሰዎች ከተማቸውን ‹‹ሐረር›› ሳይሆን ‹‹ጌይ›› ነው የሚሏት። ትርጉሙ ‹‹ከተማ›› ነው። ቋንቋቸውም የከተማ ቋንቋ፣ ራሳቸውም የከተማ ሰዎች። ከተማ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከነዚህ ሰዎች ካልተማርን ከማን ልንማር ነው? ግንቡን በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር ነው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ አስሱም፣ አርጎብ፣ ሱቁጣጥ፣ በድሮ፣ አስማዲን። እኛ በአማርኛ ፋላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሸዋ በር እንላቸዋለን። እኛ በመኪና የገባንበት ሐረር በር ከአምስቱ አንዱም አይደለም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተከፈተ ነው። ይኸውላችሁ! ሐረር ሄደን የገባነው ለኛ ብጤ በተከፈተ በር ነው።

ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮችና መታሰቢያ ቦታዎች እንዳሉ፣ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከዐሥረኛው መቶ ዘመን የመጡ እንደሆኑ ጽፏል። ይህ ሁሉ ሃምሳ ሔክታር በማትሞላ ቦታ ነው። በእግር ቢሄዱት ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር የአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ እንኳን አይፈጅም። የፈጀብን ከሆነ ደግሞ ቆመን አየን ማለት ነው፤ ተመስገን ነው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደው መንገድ ‹‹መኪና ግርግር›› ይባላል። የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው ስሙን ያወጣለት። ጨርቅ ገዝቶ እዚያው ማሰፋት ይቻላል። ልዑል ተፈሪ የኖሩበት የሚባለው ቤት ዛሬ አብደላ ሸሪፍ የሚባሉ የከተማው ሰው በግላቸው የሰበሰቡት ቅርስ የሚታይበት ሙዚየም ነው፤ የእጅ ጽሑፍ፣ ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ፣ የድሮ የድምፅ ቅጂ። አንድ ሰው፣ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ጊዜ፣ የከተማውን ትዝታ ከየቤቱ ለቃቅሞ አዳነ። እኛ ከዚያ ቤት ጥቂት ርምጃ ርቀት ላይ ቆመን ፎቶ ተነሥተን ሄድን።

የሬምቦ ቤት የሚባለውም ቢሆን፣ አዋቂዎቹ እንደሚሉት እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ ነው፤ ሰውየው አልኖረበትም። ይህን ሰምቶ ‹‹እንኳን ቀረ!›› የሚል አይጠፋም። ፈረንሳዩ ግን አንድ ባለቅኔ ባልኖረበት ቤት ለመቆም ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እኛ እናቶች በሚኖሩበት ቤት ገብተን ለመብላት ቁርጥ አላስቻለንም።

ጅቡንማ አየን። ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ በስሙ ተጠርቶ፣ ከሰው አፍ ሥጋ ሲቀበል አየን። ሠላሳ ደቂቃችንን አልሰረቅነውም። ያን ጊዜ አንድ ተረት ትዝ አለኝ። ‹‹ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ›› ይባላል። የሐረር ጅብ እንዲህ አይልም። የሐረር ሰው ስለሚያውቀው፣ እሱም የሐረርን ሰው ስለሚያውቅ ቦታውን ያውቃል፤ በሰዓቱ መጥቶ፣ የተሰጠውን በልቶ ይሄዳል። ካልታወቅንበት ከተማ ሄደን ቁርበት አንጥፉልን ያልነው እኛ ነን።

እስካሁን የተናገርኩት የኛን ኪሳራ ነው። የከተማውን ኪሳራ ደግሞ ስሙ።

ቅዳሜ ማታ በሆቴላችን አስተናጋጁን ጠየቅሁት። ‹‹የሐረሪ ምግብ የላችሁም?›› ልጁ የቀለድኩበት መስሎት ሣቀ። ‹‹ጋሼ፣ እሱ ቤት ነው የሚበላው። እዚህ ማን ያዛል? ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ጥብስና ክትፎ ነው።››

ልጁ ልክ ነው። ሆቴሉም ልክ ነው። ነጋዴ የታዘዘውን ያበስላል። ጥፋቱ የአዛዡ ነው። አሁን ይህን አባዙት። በየሳምንቱ ለዕረፍት የምንሄደውን፣ በየወሩ በውሎ አበል ለስብሰባ የምንጎርፈውን፣ ቦርሳና ባጅ አንጠልጥለን ከአዳራሽ ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ አዳራሽ የምንመላለሰውን ሁሉ ደምሩ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከተማው ውስጥ ሲፈስ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያዘው፤ ‹‹እንደኛ ሁኑልን››። ሆቴሉም እንደኛ ይሆናል፣ ምናሌውም፣ ሙዚቃውም። የከተማው ምግብ ከአደባባይ ወደ ቤት ይገባል። ከቤት ወደ በዓል ብቻ ይሄዳል። ልጆቹ የሚያገቡት፣ የሚቀጠሩት፣ እንግዳ የሚቀበሉት በኛ ምናሌ ይሆንና አንድ ቀን ሑልበትን የምናገኘው ሙዚየም ውስጥ፣ መስታወት ሥር፣ ‹‹ሐረሪዎች ይመገቡት የነበረ›› ከሚል ጽሑፍ ጋር ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ ጉብኝት ወጥተን ‹‹አይ ባህላችን!›› ብለን ከንፈር እንመጣለን። ምጠጣ ላይማ ማን ብሎን!

በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ሐረርና አዲስ አበባ የአንድ አገር ከተሞች ናቸው። ሰው የአገሩን ከተማ ገዝቶ ላያውቃት ይችላል፤ ጎብኝቶ ሳያውቃት ከተመለሰ ግን ከዚያኛው የተሻለ ሥራ ሠራሁ ማለት አይችልም።

ለክርክር የሚቀርቡልኝ መልሶች አሉ፤ ሰምቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ‹‹ሳምንቱን ሙሉ ደክሞኛል፤ ሙዚየም ሳይሆን ዕረፍት ነው የምፈልገው›› የሚል ነው። ተቀብዬዋለሁ። ደክሞህ ከሆነ እቤትህ ተኛ፤ ርካሽም ነው። ሌላ ሰው ከተማ ሄደህ የምትተኛ ከሆነ ግን ቢያንስ ሲነጋ ከተማው ምን እንደሚመስል ውጣና እይ።

ሁለተኛው ‹‹ሁለት ቀን አይበቃም›› ይላል። ሁለት ቀን ዐሥራ አንድ ሰዓት ለመብላት ከበቃ ሦስት ሰዓት ለመራመድ አያንስም።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ‹‹ሃይማኖት አለብኝ፤ የማላውቀውን ምግብ እንዴት እበላለሁ?›› በዚህ አልቀልድም። በኛ አገር ሥጋ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን፣ ሙስሊሙ የሙስሊሙን ይበላል፤ የኖረ ነገር ነው፤ ይከበር። ግን እስቲ ልብ በሉ፤ ሃይማኖታችንን ያከበሩልን ማን ናቸው? እኛ ነን ወይስ ሥጋ የሌለበት ማዕድ የሠሩልን እናት? ሃይማኖት የሚከለክለው ሥጋውን ነው፤ ሳምቡሳውን፣ ሑልበቱን፣ ሆጃውን፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ፣ ጠዋት መንገድ ዳር የሚጋገረውን ፈጢራ የከለከለ መጽሐፍ አላነበብኩም። ጎረቤት ቤት ጎራ ማለትንም የከለከለ የለም። በሃይማኖት የሸፈንነው ስንፍናችንን ነው።

አራተኛው ‹‹ገንዘብ›› ነው። ዛሬ የበረራው ዋጋም፣ የነዳጁም፣ የክፍሉም እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ታዲያ ይህን ያህል ከፍሎ የሄደ ሰው ነው ቀን ሙሉ ሥጋ ቤት መዋል ያለበት? ውድ ከሆነ ይበልጥ ነው ማየት።

እንግዲህ ተቺ ብቻ ሆኜ እንዳልቀር ሠንጠረዥ ላውጣ። ከባንኩ ሰው ያነሰ ነው፤ አራት መስመር ብቻ።

አንደኛ፤ መኪናውን አቁሙት። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በሸዋ በር ገብታችሁ በኤረር በር ውጡ። መንገድ ቢጠፋባችሁ ግንብ የተከበበ ከተማ ነው፤ የትም አትሄዱም።

ሁለተኛ፤ የከተማውን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ያዙ፤ በዋጋ ተስማሙ፤ ሳትከራከሩ ክፈሉ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ የማይከራከር ሰው ለሦስት ሰዓት ዕውቀት ሲከራከር ማየት ያሳፍራል።

ሦስተኛ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ማዕድ አዲስ አበባ የማታገኙትን ብሉ። ምናሌ አትጠይቁ። አስተናጋጁን፣ መሪውን፣ ልብስ ሰፊውን ‹‹እናንተ ቤት ዛሬ ምን ተበላ?›› በሉት። ሆቴሉ ከሌለው ‹‹በሚቀጥለው ስመጣ እፈልጋለሁ›› ብላችሁ ጻፉለት፤ ደጋግሞ የታዘዘ ነገር ይበስላል። ጥብስን ወደ ምናሌው ያስገባው የኛ ትእዛዝ አይደል? ሑልበትን የማያስገባበት ምን ምክንያት አለው?

አራተኛ፤ ሰው ቤት ከተጠራችሁ ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ በሰዓቱ ድረሱ። ይህን መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። አስፈለገ።

ይህ ሐረር ብቻ አይደለም። ጅማ ሄዶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሳያይ የሚመለስ አለ። ድሬዳዋ ሄዶ ከዚራ ዛፍ ሥር አንድ ሰዓት ያልተቀመጠ አለ። ጎንደር ሄዶ ፋሲለደስን ከመኪና መስኮት ያየ፣ ‹‹አየሁት›› የሚል አለ። መንገዱ ሰላም በሆነበትና በተጠየቀበት ጊዜ ሁሉ እነዚህ አራቱ መስመሮች የትም ይሠራሉ። እንዲያውም አዲስ አበባም ይሠራሉ፤ ስድስት ኪሎ ያለውን የብሔረሰቦች ሙዚየም በር ረግጦ የማያውቅ የስድስት ኪሎ ሰው ስንት ነው? እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ያኔ በዐሥር ሰዓት ስንነሣ እናትየው ሳምቡሳውን በወረቀት ጠቅልለው ለየእጃችን ሰጡን። አውሮፕላኑ ውስጥ ነጋዴው ፈቶ አንዷን ቀመሰ። ዝም አለ። ሁለተኛዋን በላ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ‹‹ይህን ትተን ነው?›› አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። የባንኩ ሰው መስኮት መስኮቱን ያያል። መሐንዲሱ ተኝቷል፤ ወይም የተኛ መስሏል።

ከዚያ በኋላ ወረርሽኙ መጣ፣ ሌላም ሌላም መጣ፤ አልተመለስንም። ተማሪዬ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች፤ በእንቁጣጣሽ እሷ፣ በዒድ እኔ። ባለፈው ስንነጋገር እናቷን እንዴት ናቸው ብዬ ጠየቅኋት።

‹‹ደህና ናት፤ አንተንም ትጠይቃለች...›› አለችና ደነገጠች፤ ‹‹እርስዎን ማለቴ ነው፣ መምህር።››

‹‹ምን ብለው ይጠይቃሉ?››

ዝም አለች። ከዚያ ሣቋን መያዝ እያቃታት ነገረችኝ።

‹‹‹እነዚያ የጠገቡት ሰዎች ደህና ናቸው ወይ?› ትላለች።››